በቅሎዋና ጭብጦዋ፤ አንድምታ ዘሐና ማርያም

ንባብ፦ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ።

ትርጓሜ፦ ዳኛ ሰምቶ ፈርዶብኝ ከሄደችው በቅሎዬ ይልቅ ቃሌ ሳይሰማ የተወሰደችብኝ ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ሲል ነው።

ታሪክ፦ በሰኔ 2008 ክረምቱ ሲገባ፣ በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ሐና ማርያም ያለ ፈቃድ የተሠሩ ጨረቃ ቤቶችን የሚያፈርሱ ሰዎች ገቡ። ግጭት ተነሣ፤ የወረዳ ኃላፊና ፖሊሶች ሞቱ፤ ብዙ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ፍትሕ የሰው ሥሪት ነውን፣ ከሰው አስቀድሞ ያለ ነውን? የሚል ጥያቄ ይነሣል።

አንድም፦ ፍርድ ሰው የሠራው ሥርዓት ነው ሲል ነው። ምነው ቢሉ፣ በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ ከባለርስት ወደ መንግሥት ዞሯል። ኋላም በ1997ቱ የአየር ካርታ ላይ የታየ ሰነድ አልባ ቤት ሕጋዊ የመሆን ተስፋ አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሕገወጥ ተባለ። ጭቃው ያው ጭቃ፣ ቆርቆሮው ያው ቆርቆሮ ነው፤ የለያቸው ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ነው።

አንድም፦ ፍትሕ ከአዋጅ ይቀድማል ሲል ነው። ጭብጦ ከበቅሎ ታንሳለች፤ ቁጭቷ ግን ይበልጣል፤ ይህን ቁጭት ያወጀ መንግሥት የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ካደረገ በኋላ፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው የራሱ ነው ይላል። የለፋ ሰው ድካሙ የራሱ መሆኑን ሕጉ ሳይጻፍም ያውቀዋል።

አንድም፦ ጭብጦዋ የተራ ጠባቂው ናት። በዚያው በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ፣ ከደመወዙ እየቆጠበ፣ ዕጣ ሲወጣ ስሙን ሲፈልግ የኖረ አለ። ቦታ ለቀደመ ሁሉ ቢጸና የእርሱ ተራ ያለፍርድ ይሄዳል። ማሳውን በጥቂት ካሳ ለከተማው የለቀቀ ገበሬም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቤት ማፍረስ ሁሉ በደል ነው አያሰኝም።

አንድም፦ ወሰኑን ሰው ያሰምረዋል፤ ሰምቶ መፍረድ ግን ለማንም መንግሥት የማይቀር ዕዳ ነው ሲል ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ማስጠንቀቂያን በቤቱ ላይ ለጥፎ በሕገወጥ መንገድ የተያዘን ቦታ ማስለቀቅን ፈቅዷል። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይናገራል እንጂ አይሰማም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ደግሞ ጉዳይን ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ለማንኛውም ሰው ይሰጣል። እኔም በዚህኛው ትርጓሜ እጸናለሁ፤ የትኛውም ሰፈር ይፍረስ ከመባሉ በፊት ባለቤቱ ዳኛ ፊት ይናገር፣ ማስረጃው ይታይ፣ ልጆቹ የሚያድሩበት ይታሰብ።