የ"ናት" እና የ"አላት" ልዩነት

ለመሆኑ ልጅ ከወላጁ የሚወርሰው ምንድነው? ጥያቄው ለሕግ ሰዎች የሚተው ይመስላል። እኔን የገጠመኝ ግን ደሴ ላይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሳስተምር ነው።

የዕለቱ ትምህርት ርእስ "ውርስ" ይባላል። ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ኖርዌያውያን እ.ኤ.አ. በ1967 "ሲሙላ" በተሰኘው የፕሮግራም ቋንቋቸው ያስተዋወቁት ሐሳብ ነው። ለአጠቃላዩ ዓይነት አንድ ጊዜ የተጻፈውን ከሥሩ ያለው ዓይነት እንዳለ ይወስዳል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ሰሌዳው ላይ "ሸክላ ሠሪ" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ "ልጅ" አልኩና በቀስት አገናኘኋቸው።

አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።

"መምህር፣ እናቴ ሰኞ ገበያ ምጣድና ጀበና ትሸጣለች። እኔ ግን ጭቃ አቡክቼ አላውቅም። ሙያው አልደረሰኝም፤ ስሙ ደርሶኛል።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። የትኛው ስም እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በምጣዱ የተጋገረውን እንጀራ እየበላን ምጣዱን የሠራችውን እጅ ስንሸሽ የኖርን ሰዎች ነን።

ማታ ሳስበው ስህተቴ የአነጋገር ብቻ ሳይሆን የሙያም ነበር። በፕሮግራም ትምህርት ወራሽ የሚባለው የዓይነት ዓይነት እንጂ የሰው ልጅ አይደለም። ምጣድ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ጀበናም ነው፤ ስለዚህ የሸክላን ጠባይ ይወርሳሉ። እናትና ልጅ ግን ሁለቱም እኩል ሰው ናቸው። ሙያ እናትየዋ ያላት ነገር ነው። እኔ "አላት" ማለት ሲገባኝ "ናት" አልኩ፤ ከዚያም "ናት"ን ለልጅቷ አሻገርኩባት። አገሩም ለዘመናት ያደረገው ይህንኑ ነው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን አጥፍቼ ወደ ሰኞ ገበያ ተመለስኩ። ገዢው ለሁሉም የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ስንት ነው?" የጤፍ ነጋዴው በኪሎ ያሰላል፤ ቅቤ ሻጯ አስቀምሳ ትጠራለች፤ ሸክላ ሻጯ ምጣዱን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ታሰማለች። ጥያቄው አንድ፣ መልሱ እንደየባለቤቱ። ፖሊሞርፊዝም የሚባለው ይኸው ነው። ገዢው ሻጭ መሆናቸውን ካወቀ ይበቃዋል።

ይህ የሚሠራው ግን ቃል ሲጠበቅ ነው። አሜሪካዊቷ ባርባራ ሊስኮቭ እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳስገነዘበችው፣ ወራሹ በአውራሹ ስፍራ ሲተካ በአውራሹ ስም የተገባው ቃል መፍረስ የለበትም። እንግዲህ ውርስ ችሎታንና አደራን ያሻግራል። ለተማሪዬ የደረሳት ስም ግን ችሎታም አደራም የለበትም። ስድብ ነው፤ ውርስ ሊባል አይችልም።

ይህን ተናግሬ የረታሁ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ግን ከክፍል ስትወጣ ጠጋ ብላ፣ "መምህር፣ እናቴ 'ሸክላ ሠሪ ነኝ' ስትል አታፍርም። ያፈርኩት እኔ ነኝ" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ሳስበው፣ "ነኝ" ማለት የባለቤቱ ፈንታ ነው። እናትየዋ መርጣ የተናገረችውን እኔ ከሰሌዳ ላይ ላጠፋው አይገባኝም፤ በልጇም ላይ ልጽፈው አይገባኝም። ከዚያ ወዲህ ውርስን ሳስተምር የምስለው ምጣድና ጀበና ነው፤ እናትና ልጅ አልስልም።