የአምባ እስርና የፍትሕ ሚዛን

ሰውን ስላደረገው ሳይሆን ወደፊት ያደርገዋል ተብሎ ስለሚፈራው ነገር ማሰር ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ለዚህም ዋነኛው ምስክር አምባ፣ ማለትም አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል ሆኖ በጥቂት በሮች ብቻ የሚወጣበት ተራራ ነው። በአምባሰል የሚገኘው ግሸን፣ የግራኝ አሕመድ ጦር በ1532 ዓ.ም. እስከያዘው ድረስ፣ የነገሥታቱ ወንድ ዘሮች ዙፋን እንዳይሻሙ ይጠበቁበት ነበር፤ በጎንደር ዘመንም ወህኒ አምባ ይህንኑ ተግባር ወርሷል። በሮቹ በዘበኛ ይጠበቁ፣ ያለ ፈቃድ መውጣትና መግባትም ይከለከል ስለነበር፣ እዚያው ተወልደው እዚያው ያለፉ ነበሩ። የሥርዓቱ ደጋፊ የጥቂቶች መታሰር አገርን ከወራሾች ጦርነት ያድናል ይላል፤ የዙፋን ሽሚያ ያፈሰሰውን ደም ለሚያስብ ሰው ይህ ክርክር ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ክርክሩ በታሳሪው በኩል ሲታይ ይፈርሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተይዘው ዐሥር ዓመት ያህል በመቅደላ አምባ የቆዩት የሸዋው ንጉሥ የኃይለ መለኮት ልጅ በመሆናቸው እንጂ በራሳቸው ጥፋት አልነበረም። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወሎ፣ ከአካባቢው ገዢ ከወይዘሮ ወርቂት ዘንድ በደረሱ ጊዜም፣ ቴዎድሮስ በመያዣነት፣ ማለትም ለእናቱ ታማኝነት ማስያዣ ሆኖ፣ የታሰረውን የወርቂትን ልጅ አስገደሉት። ትንቢተ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ሰው በገዛ ሥራው እንጂ በወላጁ ኃጢአት እንደማይጠየቅ ስለሚያስተምር፣ መጽሐፉን የሚቀበል መንግሥት ይህን ድርጊት በሃይማኖቱ ሊያጸድቀው አይችልም።

የአምባን እስር የቀመሱት ምኒልክም ከነገሡ በኋላ የአፄ ዮሐንስን ልጅ ራስ መንገሻን እስከ ሕልፈታቸው በአንኮበር አቆይተዋቸዋል። መንገሻ ሸፍተው ስለነበር እስራቱ ምክንያት አለው፤ የጎደለው ማብቂያው ነው። ንስሐ፣ ማለትም ጥፋትን አምኖ መመለስ፣ በእግዚአብሔር ፊት ሁልጊዜ ቢቻልም በሰዎች መካከል ፍሬ የሚያፈራው ግን መመለሻ መንገድ ሲኖር ነውና፣ ቀን ያልተቆረጠለት እስር ጸጸቱንም ከንቱ ያደርገዋል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩ እንዲጠበቅ፣ ዘመዶቹ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት መደንገጉ ለአምባው ዝግነት ተቃራኒ ነው። ስለዚህ እስር ፍትሐዊ የሚሆነው የታሳሪው የገዛ ድርጊት ሲያስከትለው፣ ማብቂያው ሲታወቅና ከሰው ጋር መገናኘትን ፈጽሞ ሳይቆርጥ ሲቀር ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው እስር ለገዢው ይጠቅመው ይሆናል፤ ፍትሕ ሊባል ግን አይገባውም።