ፈቃዱን የሰጠን ማን ነው?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባብያን! «ፈቃድ» የምትለዋን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምንጠራት አስተውለናል? «በአላህ ፈቃድ ነገ እንገናኛለን» እንላለን። ወዲያው ዘወር ብለን ደግሞ «ንግድ ፈቃዴን ገና አላሳደስኩም» እንላለን። ቃሉ አንድ ነው፤ ፈቃጁ ግን ሁለት ነው። የዛሬው ጽሑፌ በእነዚህ ሁለት ፈቃዶች መካከል ስለ ቆመ አንድ ወንድም ነው።

ወንድማችን የአዘዞ ሰው ነው። አዘዞ ከጎንደር መሐል ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያለባት፣ የባሕር ዳሩና የመተማው መንገድ የሚለያዩባት ስፍራ ናት። ሹፌሩም፣ ወታደሩም፣ ገበያተኛውም ያልፍባታል። ወንድማችን እዚያ መንገድ ዳር ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ሻማ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችው። ገበያው ሲቀዘቅዝበት የግሮሰሪ ፈቃድ አወጣና በሱቁ ጥግ ሁለት ጠረጴዛ ዘርግቶ ቢራ መሸጥ ጀመረ። ራሱ ጠብታ አይቀምስም። ሶላቱንም አያጓድልም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ታናሽ ልጁን፣ «ነይ እስኪ፣ እነዚህን ሁለት ቢራዎች ለእንግዶቹ አድርሺ» አላት። ልጅቱ ከመድረሳ መመለሷ ነበር። ጠርሙሶቹን እንደያዘች ቆመችና፣ «አባ፣ ዛሬ ኡስታዛችን በኸምር ምክንያት አሥር ዓይነት ሰዎች እንደሚረገሙ ነገሩን። ተሸካሚውም ከአሥሩ ነው አሉ። እኔም እቆጠራለሁ?» አለችው።

ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ነበርና፣ «ላሳድሰው ወይስ ልመልሰው?» ሲል ጠየቀኝ።

ልጅቱስ ለአቅመ ሔዋን አልደረሰችምና ተጠያቂ አይደለችም። ጥያቄዋ የሚመለከተው የላካትን ነው። ኡስታዙ ያስተማሩት ሐዲስ ቲርሚዚና ሌሎችም የዘገቡት ነው፤ ጠጪውን ብቻ ሳይሆን ጠማቂውን፣ አስጠማቂውን፣ ተሸካሚውን፣ ቀጂውን፣ ሻጩንና ዋጋውን የሚበላውንም ይቆጥራል። «ቢራ ኸምር አይባልም» የሚል ካለም፣ አስካሪ ሁሉ ኸምር መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገልጸዋል። ስለዚህ «እኔ አልጠጣም» የሚለው ቃል ወንድማችንን ከአሥሩ አንዱ ከመሆን አያድነውም።

የመጀመሪያው መከራከሪያው «መንግሥት ፈቅዶልኛል» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ፈቅዷል። ነገር ግን የንግድ ፈቃድ ምንድን ነው? «ይህን ብትሸጥ አልቀጣህም» የሚል የመንግሥት ቃል ነው። «ሽጥ» የሚል ትእዛዝ አይደለም፤ «መሸጥህ መልካም ነው» የሚል ምስክርነትም አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደንግጓል። እንግዲህ በንግድ ጽሕፈት ቤት መስኮት የተቀመጠው ሠራተኛ ስለ ግብርህ እንጂ ስለ ኢማንህ አይጠይቅህም። ያን ጥያቄ ለአንተ ትቶልሃል። እርሱ ያልጠየቀህን ጥያቄ «መልሼዋለሁ» ብለህ ልትተኛ አትችልም።

ሁለተኛው መከራከሪያው «የሚጠጡት ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ለእነርሱ ሐራም አይደለም» የሚል ነበር። እዚህ ላይ ጎረቤቶቻችን ለእኛ የሚያደርጉትን እናስታውስ። በጎንደር ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻው በሙስሊም ያሳርዳል፤ ጠላ ሳይሆን ብርዝና ቅሪቦ ያቀርባል። እርሱ የእኛን ሐላል እንዲህ ሲጠብቅልን፣ እኛ የደከመበትን የቀን ገቢውን ማታ በጠርሙስ ተቀብለን ባዶ እጁን ወደ ልጆቹ እንሰደው? ቁርአን (2፡219) በኸምር ውስጥ ጥቅም እንዳለ ሳይክድ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተናግሯል። ጉዳቱ የጠጪውን ሃይማኖት አይቶ አይመርጥም።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ የከበደው ነው። «ልጆቼን በምን ላሳድግ?» አለኝ። ይህን ጥያቄ በጥጋብ ላይ ሆኖ የሚያቃልል ሰው አላህን ይፍራ። ንግድ ለጎንደር ሙስሊም ቀላል ነገር አልነበረም። በ17ኛው ምዕተ ዓመት በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ከተወሰነ ወዲህ፣ አባቶቻችን የእርሻ ርስት ሳይኖራቸው በንግድና በሽመና ነው የኖሩት። ሚዛናቸው ርስታቸው ነበረች።

ግን ይህ ጥያቄ በመዲናም ተነሥቶ ነበር። አቡ ጦልሐ (ረ.ዐ.) በእጃቸው የየቲሞች ኸምር ነበረ። ክልከላው በወረደ ጊዜ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርበው ምን እንደሚያደርጉት ጠየቁ። እንዲደፉት ታዘዙ። ወደ ኮምጣጤ ሊለውጡት ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም። ልብ በሉ፤ ገንዘቡ የየቲም ነበር፤ የየቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላት ደግሞ በቁርአን በብርቱ የተወገዘ ነው። ኸምሩ ግን የሚጠበቅ ገንዘብ ሆኖ አልተቆጠረም። የልጆች ረሃብ እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ከዚያ በርሜል ውስጥ አልነበረም።

አራተኛ፣ አንድ ወዳጁ ዘዴ መክሮት ነበር፤ «ፈቃዱን በጎረቤትህ ስም አዙረውና ትርፉን ተካፈል» የሚል። ቅዳሜ ዓሣ ማጥመድ የተከለከሉት ሰዎች ታሪክ በሱረቱል አዕራፍ (7፡163) ተጠቅሷል፤ ሙፈሲሮች እንደሚያስረዱት ዓርብ መረባቸውን ዘርግተው እሑድ ይሰበስቡ ነበር። ወረቀት ላይ ስም መቀየር ከዚያ መረብ በምን ይለያል?

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያውስ የመንደሩ ግሮሰሪ ሁሉ ይዘጋ» ይላሉ። አይደለም። የሐነፊ ፉቀሃዎች ሙስሊም የሆነ ሰው ሙስሊም ያልሆነውን ሰው ኸምር ቢያፈስበት እንዲክስ ፈርደዋል። የጎረቤታችንን ፈቃድ የምንመረምር እኛ አይደለንም። እንደ ማንኛውም ዜጋ ግን ሕጉ እንዲከበር መጠየቅ እንችላለን፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ይህ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም እናት ጉዳይ ነው። በኃይል መዝጋት ልብን እንደማያቀና አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮልን በሕገ መንግሥታቸው ከልክለው፣ በኋላ ክልከላውን ራሳቸው በማንሣት አሳይተዋል። በመዲና ግን ክልከላው ደረጃ በደረጃ፣ ልብ በኢማን ከተዘጋጀ በኋላ መጣ፤ ሰዎቹም ያለ ዘበኛ በገዛ እጃቸው በጎዳናው ላይ ደፉት።

ወንድማችን ፈቃዱን መለሰ። ጠረጴዛዎቹ ተነሡ፤ ባዶ ጠርሙሶቹ ለአከፋፋዩ ተመለሱ። በማግስቱ ገበያ ጎረፈለት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባላችሁ ነበር። አልጎረፈለትም። ለብዙ ወራት የሱቁን ኪራይ የከፈለው በብድር ነው። አላህ ለሚፈራው መውጫ እንደሚያደርግለት፣ ካላሰበበትም በኩል ሲሳይ እንደሚሰጠው በሱረቱ ጦላቅ (65፡2-3) ቃል ገብቷል፤ የሚመጣበትን ቀን ግን ለእኛ አልነገረንም።

ወንድሞችና እኅቶች! ጥያቄው አሁን ወደ እኛ ይዞራል። ቢራ ሲሸጥ በበሩ አልፈን ፊታችንን ያዞርንበት እኛ፣ ቢራውን ሲተው ስኳራችንን ከእርሱ ገዛን? ከጁሙዓ በኋላ ተሰብስበን «አይዞህ፣ ይህችን ቀርድ ያዝ» አልነው? ሐራምን ሲሠራ መገሠጽ ግዴታችን ከሆነ፣ ሲተወው መደገፍ እንዴት የፈቃደኝነት ጉዳይ ብቻ ይሆናል? ብቻውን ስንተወው ወደዚያ ጠረጴዛ ቢመለስ፣ የእኛ ድርሻ ስንት ነው?

የመንግሥት ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። የልብ ፈቃድም እንዲሁ መታየት ይገባዋል። ሱቅ ያለን የመደርደሪያችንን፣ ቤት የምናከራይ የተከራዩን ሥራ፣ ደመወዝተኞች የምንፈርምበትን ወረቀት በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አውጥተን እንመልከት። ከቤታችን አንዲት ልጅ ጠርሙስ ይዛ ከመጠየቋ በፊት፣ እኛው ራሳችንን እንጠይቅ።

አላህ በሐላሉ አብቃቅቶ ከሐራሙ ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።