ከየትኛው መስኮት አየነው?

ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ በተውሶ ፕሮጄክተር «ስታር ዋርስ»ን አየን። የመጀመሪያውን፣ ጆርጅ ሉካስ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣውን ማለታችን ነው። ስምንት ሆነን በአራት አልጋ ላይ ተደራርበን፣ ቆሎ በእፍኝ እየተቀባበልን። ታሪኩ የልጆች ተረት ነው የሚል ቢኖር አንከራከረውም፤ እውነትም ተረት ነው። ዳሩ ግን ዓይን የሚባል ነገር አለንና፣ ዓይናችን በዚያች ማታ ጠግቦ አደረ። ገና ከመጀመሪያው አንዲት ትንሽ የጠፈር መርከብ ከራሳችን በላይ ታልፋለች። ከኋላዋ አሳዳጇ ይከተላል፤ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ሆዱ ተዘርግቶ አያልቅም። «ኧረ ይሄ ነገር ማለቂያም የለው!» ያለው ጓደኛችን የሁላችንንም ልብ ነው የተናገረው።

ነገር የመጣው በመጨረሻው ላይ ነው። ጨረቃ የምታህለው የጠላት ምሽግ በብርሃን ፍንጣሪ ስትበተን ሁላችንም አጨበጨብን፤ አንዱ አልጋው ላይ ቆሞ አፏጨ። ጭብጨባው ሳይበርድ ከጥግ አንድ ድምፅ፣ «ለመሆኑ ስንት ሰው ነበረ ውስጧ?» አለ። ፊልሙ አይነግረንም። ወጥ የሚሠራም፣ ወለል የሚጠርግም፣ ሳይወድ በግዱ የዘመተም መቼም አይጠፋም።

ዝም ስንል ሌላ ነገር ትዝ አለን። ከመካከላችን አንዱ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ካለፈባቸው ከተሞች የመጣ ልጅ ነው። አፍረን ዘወር ብለን ብናየው፣ እሱ ሆዬ ከሁላችን አብልጦ እያጨበጨበ ነው! «ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለን። «እኛ ሰፈር እኮ ምንም አይታይም ነበር፤ ይሰማል እንጂ። አልጋ ሥር ገብተህ የምታየው የአልጋውን እግር ነው። እዚህ ግን ሁሉንም ከላይ ሆኜ አየሁት። ማንም ደግሞ አልሞተም።»

እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት የተከራከርነው በዚህችው ንግግር ነው።

አንደኛው ወገን፣ ነገሩ ሁሉ ፕላስቲክ ነው አለ። አልዋሸም። መርከቦቹ በእጅ የተሠሩ ትንንሽ ሞዴሎች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞዴሉ ባለበት ቆሞ፣ በሐዲድ ላይ የምትሄደው ካሜራዋ ነች። ጆን ዳይክስትራና ባልደረቦቹ የሠሯት ይህች ካሜራ አንዱን መንገድ ሳታዛንፍ ደጋግማ ስለምትሄድ፣ ለየብቻ የተነሱትን መርከቦችና ከዋክብት በአንድ ሥዕል ላይ ለመደራረብ ተቻለ። የጠላት የጦር መንኮራኩሮች ጩኸት እንኳ፣ ቤን በርት የተባለው የድምፅ ባለሙያ የዝሆን ጩኸትን በእርጥብ አስፋልት ላይ ከሚሄድ መኪና ድምፅ ጋር ቀላቅሎ ያወጣው ነው። ታዲያ ለፕላስቲክና ለዝሆን ማን ያለቅሳል? በዚህ ሒሳብ ያጨበጨብነው ለሰው ሞት ሳይሆን ለእጅ ሥራ ነው፤ ለጥሩ ሸማ እንደምናደንቀው ማለት ነው።

ይህ መልስ ግን አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። የጠፈሩ ውጊያ ገና ሳይቀረጽ፣ ሉካስ ክፍት ቦታውን የሞላው ከጦርነት ፊልሞችና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ውጊያ ቀረጻዎች እየቆረጠ ነበር። ባለሙያዎቹም መርከቦቹ እንዴት እንደሚታጠፉ፣ እንዴት እንደሚሳደዱ ከዚያ ቀዱ። እንግዲህ ፕላስቲኩ ፕላስቲክ ነው፤ አካሄዱ ግን፣ ቢያንስ በከፊል፣ እውነተኛ ሰው እየተቃጠለ ከወደቀበት አካሄድ የተቀዳ ነው። ልባችንን የሰቀለው ደግሞ ያው አካሄዱ ነበር።

አውግስጢኖስ ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ የጻፈውን ያነሳነው ያኔ ነው። አሊጲዮስን ጓደኞቹ ሮም ውስጥ ሰውና ሰው ወደሚጋደልበት ትርኢት ጎትተው ወሰዱት። ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፤ ጆሮውን ግን አልደፈነም። ሕዝቡ ሲጮህ ዓይኑን ገለጠ፤ ከዚያ ወዲያ መጨፈን ተሳነው። ያ ሰው ያየው ደም ስለሆነ የሚጠላው ነገር ቢያንስ ፊት ለፊቱ ነበር። እኛ ደም አላየንም። አንድ ጠብታ እንኳ ሳይፈስ ምሽግ ሙሉ ሰው ለሚያልቅበት ትርኢት ዓይኑን የሚጨፍን ማን ነው?

በእኛ በኩል ነገሩ ይበልጥ የሚታየው በመጨረሻው ፍንዳታ ሳይሆን በመካከለኛው ነው። አልደራን የምትባለው ፕላኔት በአንዲት ቅጽበት ትጠፋለች። አንድ ቤት፣ አንድ ጎዳና አያሳዩንም። የምናያት ከምሽጉ ውስጥ ሆነን ነው፤ ማለትም ከገዳዩ መስኮት። እዚያ ትእዛዝ ሰጪው ታርኪን ቆሟል፤ አገሯ የሆነችው ሌያም ቆማለች። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ሥዕል ነው። ለእሱ የመሣሪያ ሙከራ ነው፤ ለእሷ የአባቷ ቤት። በሩቅ ያለው ሽማግሌ ኦቢ ዋን ሕመሙ ተሰምቶት ቁጭ ይላል፤ ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል፣ እኛም ቆሏችንን እንቀጥላለን።

ጥፋቱ በማማሩ ላይ አይመስለንም። ማማሩንማ ያምራል፤ አያምርም ብሎ መዋሸት ምን ይጠቅማል? ነገር ግን በዚያ መስኮት ላይ ስንቆም ከሁለቱ ከየትኛው አጠገብ እንደቆምን ሥዕሉ አይነግረንም። የጓደኛችን ጭብጨባ ከአልጋ ሥር የወጣ ሰው ጭብጨባ ነው፤ የተነፈገውን ማየት አገኘና ደስ አለው። እኛ ሰባታችን ግን ከአልጋ ሥር ገብተን ሳናውቅ ከላይ ማየትን ለምደናል። እጃችን እኩል ቢጨበጨብም ጭብጨባው አንድ አልነበረም። ይህን ስንለው ሳቀብንና፣ «እናንተ ደግሞ ነገር ታበዛላችሁ፤ እንደገና ክፈቱት» አለ።

የፊዚክስ ተማሪው ጓደኛችን፣ በጠፈር አየር ስለሌለ ድምፅ እንደማይሰማ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ ፊልምም ይህን እንደጠበቀ ሲነዘንዘን አምሽቶ ነበር። ስለዚህ ድምፁን አጥፍተን ምሽጓ ስትፈነዳ አየን። ብርሃን ብቻ። ያጨበጨበ የለም። አንሶላው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ያ ልጅ እጁን ዘርግቶ ድምፁን መለሰው።

«ያለ ድምፅ ደስ አይልም» አለ። ከመጀመሪያው፣ ከትንሿ መርከብ ጀመርነው።