ሹመትና ሙያ በአንድ ወንዝ ዳር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምትለዋን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሳት ሌባ ሹምን ለመውቀስ ነው። ረጋ ብሎ ላስተዋላት ግን ስለ ስርቆት ከምትነግረን ይልቅ ስለ ሹመት ባሕርይ የምትነግረን ይበልጣል። ሹመት ከላይ ይመጣል፣ ወደ ላይም ይመለሳል። ተሿሚው የያዘው ነገር የእርሱ አይደለም፤ ዘወትር የሚያየውም የሕዝቡን ሳይሆን የሿሚውን ፊት ነው። ይህ ከሆነ መብላቱ የጠባይ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የአሠራሩም ፍሬ ነው። ሙያ ግን ሌላ ነገር ነው። ሸማኔን ከሸማኔነቱ ማን ይሽረዋል? ሐኪምም ከሆስፒታል ቢባረር ሐኪምነቱ አብሮት ይሄዳል።

ከተማን የማስተዳደር ሥራ ከሹመት ወደ ሙያ ይዛወር የሚለው ሐሳብ የሚያጓጓው ለዚህ ነው። ከንቲባውን ይሹሙት፣ ይሻሩት፤ ውኃው፣ ጽዳቱ፣ መንገዱ፣ ቄራው፣ የመቃብር ቦታው ግን ነገሩን ተምሮ በሚያውቅ ሰው እጅ ይሁን ነው ጉዳዩ። እኛ ይህን ሰው «ሥራ አስኪያጅ» ብለነዋል። በአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. የወጣው የከተሞች አዋጅና በ1996 ዓ.ም. ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 91 ለምክር ቤቱም፣ ለከንቲባውም፣ ለሥራ አስኪያጁም የየራሳቸውን ወንበር ካዘጋጁ ወዲህ ደሴና ኮምቦልቻም የዚህ አሠራር ተካፋዮች ሆነዋል። አዲስ አበባም በ1995ቱ ቻርተሯ ሥራ አስኪያጅ አቁማለች። ከዚያ በፊትማ፣ በ1937 ዓ.ም. አዋጅ የቆመው ማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት ቢኖረውም ሕዝቡን ወክለው የሚቀመጡበት ባለ ቤትና ባለ ቦታ የሆኑት ነበሩ፤ ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ደግሞ ቤቱም ዳኝነቱም ወደ ቀበሌ ወረደ። (ማዘጋጃ ቤት የሚለው ስም ራሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ለመሆኑ ምን ሊመጣ ነው የሚያዘጋጀው?)

ሐሳቡ ከአሜሪካ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ስታንተን የምትባል የቨርጂኒያ ከተማ አንድ መሐንዲስ በደመወዝ ቀጥራ የከተማዋን ሥራ አስረከበችው። ዝናው የገነነው ግን በዴይተን ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1913 ወንዝ ሞልቶ ይህችን የኦሃዮ ከተማ አጥለቀለቃት፤ ከ1914 መባቻ ጀምሮም ከተማዋ ምክር ቤቱ በሚቀጥረው ሥራ አስኪያጅ ትመራ ጀመር። በዚያው ዓመት ባለሙያዎቹ ማኅበር አቋቋሙ፣ በ1924ም የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ነገሩ ሁሉ ያማረ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዴይተን ለውጡን በግንባር ቀደምትነት የገፉት ጆን ፓተርሰን የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ፤ ከተማ እንደ ንግድ ድርጅት ይመራ ባይ ነበሩ። በብዙ ከተሞች በየሰፈሩ ይመረጥ የነበረው ተወካይ ቀርቶ ከመላው ከተማ በሚመረጡ ጥቂት ሰዎች ሲተካ፣ የድሃውና የመጤው ሰፈር ድምፅ እንደ ቀነሰ የታሪክ ጸሐፊዎች አመልክተዋል። ይህን የማነሣው ሐሳቡን ለማጣጣል አይደለም። የአንድ ወገን ጥቅም የዕውቀት ካባ ደርቦ ሊመጣ እንደሚችል አንርሳ ለማለት ነው።

ወደ እኛ ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር ተለውጧል። በዴይተን ሥራ አስኪያጁን የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም ምክር ቤቱ ነው። በእኛ አገር የሥራ አስኪያጁ ተጠሪነት ለከንቲባው ነው። እንግዲህ ስሙ የባለሙያ ነው፣ ወንበሩ የተሿሚ ነው። በዚህ ላይ ሦስተኛ ጌታ ተጨምሯል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ ገንዘብ የተካሄደው የከተሞች ልማት ፕሮግራም፣ በተለይ በሁለተኛው ምዕራፉ፣ ከተሞችን በነጥብ እየመዘነ ገንዘብ እስከ መስጠት ደርሷል። በዚህ መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፏል፣ የሒሳብ መዝገብ ተስተካክሏል፤ ጥቅሙን አልክድም። ግን ነጥብ የሚሰጠው ሰው በዳገቱ ላይ አይኖርም።

ዳገት ካልኩ ዘንድ ምሳሌዬን እዚያው ላድርገው። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተወሸቀች ከተማ ናት። እንደ ልቧ የምትሰፋበት ሜዳ የላትም፤ ሰው ወደ ዳገቱ ይወጣል፣ ዳገቱም በክረምት ይንሸራተታል። እንበልና አንዲት እናት ያለ ፈቃድ እዚያ ጎጆ ቀልሳ አራት ልጆች ታሳድጋለች። ቧንቧ ይግባልኝ ብላ አመለከተች። ከንቲባው ምርጫ ሲደርስ «አስገባላት» ይላል፤ ግምገማ ሲደርስ «አፍርስባት» ይላል። ሁለቱም የሹመት ቋንቋ ነው። ባለሙያውስ ምን ይበል? ቧንቧውን ቢያስገባ ሌላውንም ሰው ወደ አደጋው መጋበዙ ነው፤ አንድ ቀን ዳገቱ ቢናድ የስንት ሰው ደም በእጁ ይሆናል? ቢከለክል ልጆቹ ነገ ጠዋት የሚጠጡት የቦይ ውኃ ነው። ስለ አፈር የተማረው ትምህርት ዳገቱ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ይነግረዋል። ለአራቱ ሕፃናት ምን እንደሚገባቸው ግን አይነግረውም።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንሳሳታለን ባይ ነኝ። የተማረ ሰው ከተቀመጠ ትክክለኛው ውሳኔ በራሱ የሚወጣ ይመስለናል። የለም። ባለሙያው ለእናቲቱ የሚያበረክተው ትልቁ ነገር ውሳኔ ሳይሆን እውነት ነው፤ ቧንቧው ቢገባ ምን እንደሚሆን፣ ባይገባ ምን እንደሚሆን፣ ሌላ ቦታ ይሰጣት ቢባል ምን ያህል እንደሚያስወጣ በጽሑፍ አስቀምጦ፣ ከንቲባው ቢቆጣም ወረቀቱን አለመለወጥ። ሐኪም «ይህን መድኃኒት አላዝም» እንደሚል እርሱም «ይህን አልፈርምም» ብሎ የሚቆምበት መሬት ሊኖረው ይገባል። «አልፈርምም» ባለ ማግሥት ከወንበሩ የሚነሣ ከሆነ ዲግሪው የግድግዳ ጌጥ ነው። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው፤ የሥልጠናው፣ የቢፒአሩና የካይዘኑ ወሬ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለእምቢታው ግን የሚጠይቀው ሰው ያስፈልጋል። የወሎ ሰው ዕድሩን «ቅሬ» ይለዋል። የቅሬ ዳኛ ስለ ቧንቧ ግፊት አንዳች አያውቅም ይሆናል። ቢሆንም ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ተቸገረ፣ ማን መዋጮ እንደ ጎደለበት ያውቃል፤ ያጠፋ እንደ ሆነ ነገ ለቅሶ ላይ ከበደለው ሰው ጋር ይቀመጣል። ወደ ሌላ ከተማ አይዛወርም። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቀው እስከ ኅዳር 27 ቀን ሲቆዩ፣ ተቋማት ሲዘረፉ፣ የከተማው ሹመት በቦታው አልነበረም። ሰው ግን ይወልድ ነበር፣ ይጠማ ነበር፣ ይሞት ነበር፤ ጎረቤትም ጎረቤት ሆኖ መኖር ነበረበት። ቅሬን ግን አላመልከውም። ቅሬ የሚያውቀው አባሉን ነው፤ ትናንት የመጣ ተከራይ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆና ከገጠር የገባች ልጅ በመዝገቡ የሉም። የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ አይጠየፍ መባሉ ማንንም ሳይጸየፍ ያበላል ለማለት ነው ይባላል፤ ደስ የሚል ስም ነው። ግን ግብሩ የንጉሡ ቸርነት እንጂ የተጋባዡ መብት አልነበረም። የዳገቷ እናት የምትፈልገው መብት ነው፤ መብት ደግሞ ፊትን ሳይሆን ደንብን አይቶ የሚሠራ ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለቱንም እንፈልጋለን፤ ሳያዳላ የሚሠራውን ባለሙያና ዐይን ለዐይን የሚጠይቀውን ጎረቤት።

ጠያቂ ያጣ ባለሙያ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ ታሪክ መቆፈር አያሻም። በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ ፍሊንት የምትባል የደኸየች ከተማ የመረጠቻቸው ሰዎች ሥልጣናቸው ተነሥቶ በግዛቱ መንግሥት በተሾመ የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ትመራ ነበር። (ይህ ከዴይተኑ አሠራር ይለያል፤ ሰውየውን የላከው የከተማው ምክር ቤት አልነበረም።) እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ወጪ ለመቀነስ ሲባል የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ከፍሊንት ወንዝ እንዲቀዳ ተደረገ። ዝገት የሚከላከለው መድኃኒት ስላልተጨመረ ውኃው የቧንቧዎቹን እርሳስ እየበላ ሕፃናትን መረዘ። እናቶች የደፈረሰ ውኃ በጠርሙስ ይዘው ስብሰባ ሲገቡ «ውኃው ደኅና ነው» ይባሉ ነበር። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ያልተቆጠሩት ልጆቹ ናቸው።

የእኛ ወንዝ ቦርከና ነው። ከደሴ በዶሮ መዝለያ ገደል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ቁልቁለቱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ነው። ደሴ በየቦዩ የምትጥለውን ክረምቱ ጠርጎ ወደ ታች ይወስደዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የቆዳና የብረት ፋብሪካዎች ከተማ ናት፤ ከሐምሌ 2009 ዓ.ም. ወዲህ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። በከተማዋ የሚያልፉ ትናንሽ ወንዞችን የመረመሩ ሰዎች በውኃውና በደለሉ ውስጥ ክሮሚየምና ሌሎች ብረቶች ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፤ በበጋ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም፣ የአፋሩም፣ የአማራውም ከብት ሣርና ውኃ ፍለጋ የሚወርድበት ሜዳ ነው።

እዚህ ላይ ከላይ ያልነው ሁሉ ይጠብባል። የደሴ ሥራ አስኪያጅ ብቁና ንጹሕ ሰው ይሁን፤ «አልፈርምም» የሚልበት ዋስትናም ይኑረው፤ የዳገቷ እናትም በየወሩ ትጠይቀው። ከተማዋን አጽድቶ ቆሻሻውን ወደ ቦርከና ቢለቅ ሦስቱም ጌቶቹ፣ ከንቲባውም፣ ነዋሪውም፣ ነጥብ ሰጪውም ያመሰግኑታል። የኮምቦልቻው ደግሞ ሥራ አጥነትን የቀነሰ ፋብሪካ በማምጣቱ ይሸለማል። የጨፋ ከብት አርቢ የማንኛቸውም መራጭ አይደለም፤ የቅሬያቸውም አባል አይደለም። ሐኪም የማያውቀውን ሕመምተኛ እንደ ዘመዱ የማከም ግዴታ አለበት፤ የከተማ ባለሙያም ሙያው እውነተኛ ሙያ ከሆነ ግዴታው በከተማው ድንበር ላይ ሊቆም አይችልም ብዬ አምናለሁ። ይህን ግን ከአንድ ሰው ኅሊና ብቻ መጠበቅ ግፍ ነው። ሁለቱ ከተሞችና ከበታቻቸው ያሉት ወረዳዎች አብረው የሚቀመጡበት የወንዝ ጉባኤ ቢኖር፣ ሁለቱ ሥራ አስኪያጆችም ስለ ውኃው ሁኔታ በየዓመቱ ለዚያ ጉባኤ በጽሑፍ እንዲመልሱ ቢገደዱ፣ ቢያንስ ጥያቄው አድራሻ ያገኝ ነበር። የመጀመሪያው ስብሰባ የት ይደረግ ቢባል ከደሴም ከኮምቦልቻም ይልቅ ጨፋን እመርጣለሁ፤ በበጋ፣ ከብቱ ውኃ በሚጠጣበት ሰዓት።