የአብርሃም ልጅ የተባለችው ሴት



ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 13 ከቁጥር 10 ጀምሮ የጻፈልንን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጌታችን በሰንበት ቀን በምኵራብ ሲያስተምር ለ18 ዓመታት ጎብጣ የኖረች አንዲት ሴት አየ። እርስዋ ፈውሰኝ ብላ አልለመነችም፤ እርሱ ራሱ ጠራት፥ እጁንም ጫነባት፥ ቀጥ ብላም ቆመች። የምኵራቡ አለቃ ግን ሥርዓት ፈረሰ ብሎ ተቆጣ። ጌታም በሬውንና አህያውን በሰንበት ፈትቶ ውሃ የሚያጠጣ ሰው የአብርሃም ልጅ የሆነች ሴት ከእስራትዋ ብትፈታ ስለ ምን ይከፋዋል ብሎ አሳፈረው።

ይህን ክፍል ስለ ሴት ልጅ ግርዛት እያሰብን ስናነበው ሁለት ነገር አስተዋልን። የመጀመሪያው «የአብርሃም ልጅ» የሚለው ስም ነው። ለአብርሃም የተሰጠው የኪዳን ምልክት፥ በዘፍጥረት 17 እንደ ተጻፈው፥ የወንዶች ብቻ ነበር። ሴት ልጅ ትገረዝ የሚል ትእዛዝ ከኦሪት እስከ ራእይ አንድም ስፍራ የለም። ይህች ሴት ከአካልዋ አንዳች ሳይቆረጥ የአብርሃም ልጅ ተባለች። ለወንዶችም ቢሆን ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው (የሐዋ. 15) ከአሕዛብ ወገን ባመኑት ላይ ግርዛትን ግዴታ አላደረጉም። በየመንደራችን ግን ያልተገረዘች ልጅ «ንጹሕ አይደለችም»፥ «ዕቃ ትሰብራለች»፥ «ባል አታገኝም» ስትባል እንሰማለን፤ ይባስ ብሎም ነገሩን የሃይማኖት ትእዛዝ የሚያደርግ አይጠፋም።

ሁለተኛው ደግሞ ሴቲቱ የተፈታችው በጓዳ ሳይሆን በጉባኤ መካከል መሆኑ ነው። ዛሬ በተለይ ልንናገር የወደድነው ስለዚህ ነው።

እናት ልጅዋን የምታስገርዘው ጠልታት አይደለም። ደም መፍሰሱን፥ ቁስሉ ማመርቀዙን፥ ኋላም በምጥ ጊዜ የሚመጣውን ጭንቅ ከማንም ይልቅ እርስዋ ታውቃለች፤ በራስዋ አካል አልፋበታለችና። የምትፈራው ሌላ ነገር ነው። ጎረቤቶችዋ ሁሉ እያስገረዙ እርስዋ ብቻዋን ብትተው ልጅዋ ቁሞ ቀር ሆና ትቀራለች ብላ ትሰጋለች። ስለዚህ አንዲትን እናት ለብቻዋ መውቀስ ብዙ ፍሬ የለውም።

ይህን ከቤተ ክርስቲያናችን የቀድሞ ታሪክም መማር ይቻላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደሚተርከው፥ በግብፅ የነበሩ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ወደ እነርሱ ለተመለሱ ቤተ ሰቦች የሴት ልጅ ግርዛትን ከለከሉ። ልጆቹ ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ግን የሚያገባቸው ጠፋ። ነገሩ ሮም ደርሶ፥ ሐኪም ተልኮ ከተመረመረ በኋላ ክልከላው ተነሣ። ብሩስ የሰማውን ሁሉ አጣርቶ ጽፏል ለማለት አንደፍርም፤ ትረካው ግን ያሳፍረናል፥ ያስተምረናልም። ትእዛዙ ወላጆችን ያዘ እንጂ ሚስት የሚፈልጉትን ጎረምሶች ልብ አልነካም።

በአገራችን በከምባታ የተደረገው ከዚህ የተለየ ነበር። የዚያው ምድር ልጅ የሆኑት ቦጋለች ገብሬ በልጅነታቸው ውሃ ልቅዳ እያሉ በስውር ትምህርት ቤት የሚሄዱ ነበሩ። እርሳቸውም ተገርዘዋል፤ አንዲት እህታቸውንም በወሊድ አጥተዋል። በውጭ አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር «ከምባቲ መንቲ ጌዚማ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ትርጓሜውም የከምባታ ሴቶች ኅብረት እንደ ማለት ነው። ሥራቸውን ግን በግርዛት ጉዳይ አልጀመሩም። ሕዝቡን ምን ቸገራችሁ ብለው ቢጠይቁት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፥ ነጋዴዎችም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ የለንም አላቸው። አስቀድመው ድልድዩን አሠሩ። (እኛ ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ድልድይ ሳንሠራ ለመሻገር እንደምንቸኩል እዚህ ላይ ሳንጠቅስ አናልፍም።)

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች፥ እናቶች፥ ጎረምሶችና ልጃገረዶች፥ ገራዦችም ሳይቀሩ እየተሰበሰቡ መነጋገር ጀመሩ። ስብሰባው የአንድ ቀን ንግግር ሳይሆን በየሁለት ሳምንቱ ለብዙ ወራት የሚቀጥል ነበር። በአደባባይ ተነሥቶ የማያውቅ ነገር ተነሣ፤ ባሎች ሚስቶቻቸው የደረሰባቸውን ሰሙ። ዕድሮችም ልጁን የሚያስገርዝ ሰው ከማኅበር እንዲለይ እስከ መወሰን ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በሕዝብ ፊት በግልጥ ተዳረች፤ ሙሽራውም እርስዋን በማግባቱ ደስ እንዳለው አንገቱ ላይ ባንጠለጠለው ጽሑፍ አስታወቀ። የእናቶችን ፍርሃት የሰበረው፥ እንደ እኛ እምነት፥ ይህ ሠርግ ከብዙ ስብከት ይልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከአካባቢው ሕዝብ 97 ከመቶው ግርዛትን ይደግፍ እንደ ነበር፥ በ2008 ግን ደጋፊው ከ5 ከመቶ በታች እንደ ወረደ ጥናት አመልክቷል። ወይዘሮ ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 አረፉ።

በአገር ደረጃ ግን ሥራው ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሚሆናቸው ሴቶች 65 ከመቶው፥ ከ15 እስከ 19 ከሚሆናቸው ደግሞ 47 ከመቶው ተገርዘው ተገኝተዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ገራዡን ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ፥ በአንቀጽ 566 ደግሞ የሚሰፋውን ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ሲመጣ ድርጊቱ ወደ ሌሊት ይዛወራል። በንጹሕ ምላጭና በማደንዘዣ ቢሆንስ የሚሉም አሉ፤ ያለ ሕክምና ምክንያት የንጹሕ ሰውን አካል መቁረጥ ከግብረ ገብ ሕግ ጋር እንደሚቃረን የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ (ቁ. 2297) ያስተምራልና መሣሪያው ነገሩን አይለውጠውም። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2016 ባወጡት «የፍቅር ሐሴት» (ቁ. 54) ድርጊቱን በስሙ ጠርተው ነቅፈውታል።

እኛስ ወዴት ነበርን? ለምሥጢረ ተክሊል የሚዘጋጁትን ስናስተምር ስለ ነጻ ፈቃድ፥ ስለ ጸሎት፥ ስለ ልጆች አስተዳደግ ተናግረን፥ ሴት ልጅ ብትወለድላችሁ ምን ታደርጋላችሁ የሚለውን አንድ ጥያቄ ሳናነሣ አሰናብተናል። ከዚህም የሚከፋ አለ። ግርዛትን ተከትሎ በሚደረገው ድግስ ተጠርተን ማዕዱን ባርከን በልተናል፤ በጓዳ የተኛችውን ልጅ ግን እንዴት ናት ብለን አልጠየቅንም። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም፤ ንስሐው ከእኛ ይጀምራል።

እንግዲህ በየቁምስናው ከመጪው የክረምት ዕረፍት በፊት፥ ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሳይመለሱ፥ አንድ ጉባኤ እንዲደረግ እንለምናለን። የዕድር ዳኞች ይጠሩ፤ አያቶች ይጠሩ፤ በዚህ ሥራ የምትተዳደር ገራዥም በእንጀራዋ ጉዳይ አብረናት እንድንመክር ትጠራ። ሚስት ለማግባት የሚያስቡ ጎረምሶች ከሁሉ አስቀድሞ ይጠሩ፤ ያልተገረዘች አገባለሁ ብለው በእናቶች ፊት ይናገሩ ዘንድ። የሚያስተምሩት ሁሉ ቃላቸውን ይጠንቀቁ፤ ከሚያዳምጡት እናቶች ብዙዎቹ የተገረዙ ናቸውና አንዲቱም ጎደሎ ነኝ ብላ እንዳትወጣ። ጉባኤው ሉቃስ 13ን በማንበብ ይጀመር፤ ከንባቡም በኋላ የመጀመሪያው የመናገር ተራ ለሴቶች ይሰጥ።