ድካም በራሱ ኢባዳ ነውን?

ሰው በመድከሙ ብቻ ከአላህ (ሱ.ወ.) ዘንድ ምንዳ ያገኛልን? ወይስ ምንዳው ያለው ድካሙን ባስከተለው ሥራ ላይ ነው? ይህ ለዑለማእ ብቻ የሚተው ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሰቆጣ አንድ ቤት ውስጥ አባትና ልጅን ሲያከራክር ሰምቻለሁ። ወጣቱ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ከሰቆጣ ተነሥቶ በኮረምና በአላማጣ በኩል እስከ ደሴ በብስክሌት ለመጓዝ ያስባል። ለዚህም ሲል ከሱብሒ ሶላት በኋላ አንዱን አቀበት ይወጣል፣ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣዋል። አባትየው «ጉዳይ ሳይኖረው ዳገት የሚመላለስ ሰው ዕድሜውን ያባክናል» ይላሉ። ልጁ ደግሞ «ድካም ነፍስን ያጠራል፤ የበለጠ የደከመ የበለጠ ያገኛል» ባይ ነው።

ለልጁ የሚደግፍ የሚመስል ማስረጃ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዓኢሻ (ረ.ዐ.) የዑምራዋ ምንዳ በድካሟና በወጪዋ ልክ እንደሚሆን ነግረዋታል። የበኑ ሰሊማ ጎሳዎችም ቤታቸው ከመስጊድ ሩቅ ስለነበር ወደ ቅርብ ለመዛወር ባሰቡ ጊዜ፣ እርምጃቸው የሚመዘገብላቸው መሆኑን ነግረው በቦታቸው እንዲቆዩ አድርገዋቸዋል። ቡኻሪ በዘገበው ላይ የመዲና ዳርቻ ባዶ መቅረቱን እንዳልወደዱም ተጠቅሷል።

በሌላ በኩል ግን አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፈው አለ። አንድ ሽማግሌ በሁለት ልጆቹ መካከል ተደግፎ እየተንገታገተ ሲሄድ ነቢዩ አዩና ምን እንደሆነ ጠየቁ። በእግሩ ሊሄድ ተስሎ ነው ተባሉ። አላህ የዚህን ሰው ራሱን ማሠቃየት እንደማይፈልግ ገልጸው እንዲሳፈር አዘዙት። አቡ ኢስራኢል የተባለውም ሰው ሳይቀመጥ፣ ሳይጠለል፣ ሳይናገር ፀሐይ ላይ ቆሞ ሊጾም ተስሎ ነበር። እንዲናገር፣ እንዲጠለልና እንዲቀመጥ ታዘዘ፤ ከስለቱ የጸናለት ጾሙ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለአንዱ ድካሙን አነሡለት፣ ለሌላው ተዉለት። ልዩነቱ ወዴት ነው? የበኑ ሰሊማ ሰዎች የፈለጉት ሶላቱን ነው፤ ርቀቱ ከሶላቱ ጋር መጣ። ሽማግሌው ግን ድካሙን አስቀድሞ ሥራውን ከኋላው አስከተለ። ኢማም ሻጢቢ (በ790 ዓ.ሂ. ያረፉት) አል-ሙዋፈቃት በተሰኘው ኪታባቸው ይህን በሰፊው አብራርተውታል። የሐሳባቸው ጭብጥ ሙስሊም ድካሙ የበዛውን ሥራ ስለ ሥራው ሊመርጥ ይችላል፤ ድካሙን ራሱን ግን ግብ ሊያደርገው አይገባም የሚል ነው። ስለዚህ የልጁ አባባል መሠረት የለውም።

ሆኖም የአባትየውም ፍርድ ትክክል አይደለም። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠለጠኑትን ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሰኒየተል ወዳዕ፣ አምስት ወይም ስድስት ማይል ያህል አሽቀዳደሙ። ያልሠለጠኑትን ግን ከሰኒየተል ወዳዕ እስከ በኑ ዙረይቅ መስጊድ ድረስ፣ አንድ ማይል ብቻ። ዐረቦች ፈረስን መጀመሪያ በደንብ አብልተው፣ ቀጥሎ መኖውን ቀንሰው፣ በልብስ ሸፍነው እያላቡት ያሠለጥኑ ነበር። ያ ፈረስ በሥልጠናው ጊዜ ጭነት አያደርስም፣ ጦርነትም አይውልም፤ ማንም ግን ከንቱ ሥራ ነው አላለም። ለአቅሙ የሚመጥን ርቀት መለካቱን ደግሞ ልብ ይሏል።

ዳገት የሚለማመድ ብስክሌተኛም እንዲሁ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው። ዐዋቂ የሆነ ተለማማጅ በቀላል ማርሽ፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ ትንፋሹን እየመጠነ ይወጣል፤ በማግሥቱም ያርፋል፤ ጡንቻ የሚጠነክረው በእረፍት ጊዜ ነውና። ሰውነት በሰው ላይ ሐቅ እንዳለው ለዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) የተነገረው በጾምና በሌሊት ሶላት ላይ ሳይቀር ከሆነ፣ በብስክሌት ላይማ እንዴት አይሆንም? እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ደቡብ አፍሪካውያን ሙስሊሞች ከኬፕታውን በብስክሌት ተነሥተው ከወራት ጉዞ በኋላ ለሐጅ ደርሰዋል። እንደ ሽማግሌው በልጆቻቸው ትከሻ ተደግፈው አልነበረም፤ ተዘጋጅተው ነው። በ2016ም ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ ወጣቶቻችን ይህን ያውቃሉ፣ መመኘታቸውም አያስነቅፍም።

ለእኔ ከብዶ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ወጣቱ ለልምምድ በሚወጣው ዳገት ላይ እናቶች ውሃና እንጨት ተሸክመው ይወጣሉ። እነርሱ አቀበቱን አልመረጡትም፤ ቤታቸው ከላይ፣ ውሃው ከታች ሆኖባቸው ነው። ከበኑ ሰሊማ ጋር የሚመሳሰሉት እነርሱ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜም የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም መጠለያ ሲጓዝ ያለፈበት ተራራ ማንንም ሊያጠነክር የታሰበ አልነበረም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለው በከንቱ አይደለም።

የእኛው «አቀበት» ከዐረብኛው «ዐቀባ» ጋር በድምፅም በትርጉምም ይቀራረባል። በ90ኛዋ ሱራ፣ በሱረቱል በለድ፣ አላህ (ሱ.ወ.) ስለ ዐቀባው ከጠየቀ በኋላ ያብራራው ስለ ድንጋይና ስለ ገደል አይደለም፤ ባሪያን ነፃ ስለማውጣት፣ በረሃብ ቀን ዘመድ የሆነን የቲም ወይም አፈር ላይ የወደቀን ድኻ ስለማብላት ነው። ይህች አንቀጽ በዋግ ስትቀራ የምታሰማው ድምፅ ሌላ ነው። ሱራዋ የጉልበትን ነገር አትነቅፍም፤ የት እንደሚውል ግን ትጠይቃለች።

ለወላጆች የሚቀረው የፊቅህና የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። ለስፖርት ሲባል የረመዳን ጾም አይፈታም፤ በዚያ ወር ልምምዱ ቀለል ብሎ ከኢፍጣር በፊት ባለችው ሰዓት ወይም ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ያለማቋረጥ ሲያዝ ይግላል፤ እየያዙ እየለቀቁ መውረድ ያስፈልጋል፣ ከመንገድ በፊትም ይፈተሽ። በልምምዱ መካከል ደግሞ ውሃ የተሸከመች እናት ካጋጠመችው ወርዶ ጀሪካኗን በብስክሌቱ ጭኖ እየገፋ ይውጣ። ለእግር ልምምድነቱም ቢሆን ከማርሹ አያንስም።